የሳቮያ ግራናቲየሪ ክፍለ ጦር በሰሜን ሸዋ፤ ከ1929 እስከ 1933 ዓ.ም.

(በእነዋሪ ከተማ የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ለጆሮ እንግዳ ሊሆን ይችላል። የአርበኞች ታሪክ ሲወሳ በኖረበት አገር የጠላትን ክፍለ ጦር ታሪክ ይዞ መቆም ምን ይረባል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ግን የአምስቱን ዓመት ተጋድሎ በሚገባ ለመረዳት የወራሪውን ሠራዊት በጅምላ «ጣሊያን» ብሎ ማለፍ አይበቃም ከሚሉት ወገን ነኝ። የትኛው ጦር፣ በማን ትእዛዝ፣ ምን መሣሪያ ይዞ፣ በየትኛው ቀን መጣ ተብሎ ካልተጠየቀ፣ ግፉ እንደ አንበጣ ወይም እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ይመስላል። መቅሠፍት አልነበረም። በወረቀት ታዝዞ፣ በማኅተም ጸድቆ፣ ቁጥርና ስም ባላቸው የጦር ክፍሎች የተፈጸመ ነው። ከእነዚህ የጦር ክፍሎች አንዱ 65ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በተለምዶ ስሙ «ግራናቲየሪ ዲ ሳቮያ» የሚባለው ነው። የማነሣቸውን ቀኖች ሌላ ካላልሁ በቀር በእኛው አቈጣጠር እናገራለሁ።

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ግራናቲየሪ ማለት በድሮው የአውሮፓ ጦርነት የእጅ ቦምብ የሚወረውሩ፣ በቁመታቸውና በጉልበታቸው የተመረጡ ወታደሮች ማለት ነው። የሳቮያ መስፍን ቀዳማዊውን የዘብ ሬጅመንት ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1659 ነውና፣ በጣሊያን ጦር ውስጥ ከግራናቲየሪ የሚቀድም ጥንታዊ ስም የለም ለማለት ይቻላል። ሳቮያ ደግሞ የንጉሡ የቪቶሪዮ አማኑኤል ቤት ነው። ፋሺስቱ መንግሥት ይህን ሁሉ ክብር በአንድ ስም ጠቅልሎ አዲስ ክፍለ ጦር ያቋቋመው በጥቅምት 1929 ዓ.ም.፣ ማለትም ወራሪው አዲስ አበባ ከገባ ከአምስት ወር በኋላ ነበር። ዐሥረኛውና ዐሥራ አንደኛው የግራናቲየሪ ሬጅመንቶች የክፍለ ጦሩ አካል ሆኑ፤ በተምቤኑ ተራራ በወርቅ አምባ ስም የተሰየመው የአልፒኒ ሻለቃም ከእነርሱ ጋር ተቈጠረ። ይህን ስም ልብ በሉልኝ። በተምቤን የወገን ደም የፈሰሰበት አምባ በጠላት ሻለቃ ሰንደቅ ላይ ተጽፎ ሸዋ ገባ።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጦርነቱ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ኢትዮጵያም የግዛቱ አካል ሆናለች ብሎ ሮም ዐውጆ ሳለ፣ በጥቅምት አዲስ ክፍለ ጦር ማቋቋም ለምን አስፈለገ? መልሱን ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ እናገኘዋለን። ጦርነቱ በሰሜን ሸዋ አላበቃም ነበር። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ደጃዝማች አበራ ካሣ፣ የቀድሞው የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ባላምባራስ አበበ አረጋይና ሌሎችም ዋና ከተማዋን በየአቅጣጫው ለማጥቃት ሞክረዋል፤ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ የተረሸኑትም በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ 22 ቀን ነው። ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋ ወሰን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ በቃል ኪዳን ተታልለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ተገደሉ። የደጃዝማች አበራ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ግን ጠመንጃቸውን አንሥተው ዱር ገቡ። ተጉለት፣ ቡልጋ፣ መንዝ፣ መርሐቤቴ፣ ሞረትና ጅሩ የአርበኛው መዋያና ማደሪያ ሆኑ።

የጣሊያን መዛግብት ይህን ሁሉ ጦርነት ብለው አይጠሩትም። «ታላቅ የቅኝ ግዛት የፖሊስ ሥራ» ይሉታል። የቃል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጦርነት ከሆነ የሚማረከው ሰው ምርኮኛ ነው፤ ምርኮኛ ደግሞ በሕግ ይጠበቃል። የፖሊስ ሥራ ከሆነ ግን የሚያዘው ሰው ዐመፀኛ ነው፣ ዐመፀኛን የሚጠብቅ የጦርነት ሕግም የለም። ሙሶሊኒ በግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ለግራዚያኒ በላከው ቴሌግራም የተማረከ ዐመፀኛ ሁሉ እንዲረሸን አዘዘ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 1 ቀን፣ ሁለተኛ ቴሌግራም ላከ፤ ይህኛው አንኮበርን በስም ጠርቶ፣ እዚያ እንደ ተነሣው ያለውን ዐመፅ ለመጨረስ ጋዝ እንዲሠራበት የሚያዝ ነው። ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ እንዲከተል ፈቃዱን በድጋሚ አረጋገጠለት። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃለች። ስለዚህ የሸዋው ዘመቻ «ፖሊስ» ተባለ፤ ሕጉ ለጦርነት እንጂ ለፖሊስ አልተጻፈም እንዲባል። እኔ ከቴሌግራሞቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ ይህ የቃላት ምርጫ ነው።

የሳቮያ ግራናቲየሪ ክፍለ ጦር መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ በሸዋ ተሰማራ። ሥራውን ግን እንደ ሰልፍ ጦር አድርጋችሁ አታስቡት። የአውሮፓ ወታደር ውድ ነው፤ ቢሞት ሮም ውስጥ የሚያለቅስለት እናት አለችው፣ ጋዜጣም አለ። ስለዚህ ግራናቲየሪው በአብዛኛው ከተማንና ምሽግን ጠበቀ፣ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ፣ ደብረ ብርሃንንና ጣርማ በርን የመሰሉትን ነጥቦች ያዘ። ቆላ ወርዶ፣ ገደል ወጥቶ የሚዋጋው የቅኝ ግዛቱ ሻለቃ ነበር፤ የኤርትራ አስካሪ፣ የሊቢያና የሶማሊያ ወታደር፣ እንዲሁም ከእኛው መንደር የተመለመለው ባንዳ። «ባንዳ» የሚለውን ቃል ዛሬ ለከዳተኛ ሁሉ እንሰጠዋለን፤ በመሠረቱ ግን የጣሊያን ጦር መዝገብ ቃል ነው፣ መደበኛ ያልሆነ የጭፍራ ቡድን ማለት። የጠላት የመዝገብ ቃል እንደ ተራ ስድብ በአፋችን መቅረቱ የዚያ ዘመን አንድ ቅርስ ነው።

በዚህ የሥራ ክፍፍል ምክንያት የ1929 ዓ.ም. ታላቁ ጥፋት በግራናቲየሪ ስም የተመዘገበ አይደለም። ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ ጄኔራል ፒየትሮ ማሌቲ የቅኝ ግዛት ሻለቆችን ይዞ በሚያዝያ መጨረሻ ከደብረ ብርሃን ተነሣ፤ በመንገዱ ያገኘውን መንደር እያቃጠለ ሄዶ ግንቦት 13 ቀን በደብረ ሊባኖስ የፈጸመውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዘመቻው ሪፖርት 115,422 ጎጆዎች፣ ሦስት አብያተ ክርስቲያናትና የደብረ ሊባኖስ ገዳም መቃጠላቸውን፣ 2,523 «ዐመፀኞች» መገደላቸውን ይገልጻል። ከመቶ ሺህ በላይ ጎጆ እየነደደ ቆሞ እስከ መጨረሻዋ ሁለት ድረስ የቈጠረ ማን ይሆን? የዚህ ዓይነት ቁጥር እውነቱን ከመናገር ይልቅ አለቃን ለማስደሰት የተጻፈ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ቢጋነን እንኳ የሚያኮራ መስሎ መቅረቡ ራሱ ማስረጃ ነው። ማሌቲ ከሦስት ዓመት በኋላ በግብፅ በረሃ፣ ኅዳር 30 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በእንግሊዞች ጥቃት ሞተ፤ በአገሩም እንደ ጀግና ተቈጠረ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ከእነዋሪ አምባ ጠርዝ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው የጀማንና የገባሮቹን ሸለቆ አሻግሮ መንዝን ያያል። ከዚያ ማዶ፣ በቀያ አካባቢ፣ ዘረት በሚባል ስፍራ አንድ ዋሻ አለ። የአገሬው ሰው አመፀኛ ዋሻ ይለዋል።

በ1931 ዓ.ም. መጋቢት የአበበ አረጋይ ጦር በመንዝ ላይ በተከፈተበት ታላቅ ዘመቻ እየተሳደደ ነበር። የሚዋጋው ጦር ፈጥኖ ይሄዳል፤ የኋላው ጓዝ ግን መፍጠን አይችልም። ጓዝ ስንል በቅሎና ስንቅ ብቻ አይደለም። በአርበኛው ወግ ቍስለኛው፣ ሽማግሌው፣ እናትና ሕፃን፣ ከብቱም ጭምር ከጦሩ ኋላ ይከተላል፤ መንደሩ ተቃጥሏልና ሌላ የሚሄድበት የለውም። ይህን ጓዝ የሚመሩት ተሾመ ሸንቁጥ የሚባሉ የአርበኛ አለቃ ነበሩ። ከበባው ሲጠብቅ ወገኖቻቸውን ይዘው ዘረት ዋሻ ገቡ። ዋሻው ጥልቅ ነው፤ አፉ ወደ ገደል የሚያይ በመሆኑ በጥቂት ጠመንጃ ሊጠበቅ ይችላል። በተለመደው የጦር ስልት እጅግ መልካም ምርጫ ነበር።

የከበበው ጦር አዛዥ ኮሎኔል ኦርላንዶ ሎሬንዚኒ ነበር። ወታደሮቹ በአብዛኛው የቅኝ ግዛት ሻለቆች ናቸው። መድፍ ተተኰሰ፣ ዋሻው አልወደቀም። በዚህ ጊዜ ከሳቮያ ግራናቲየሪ ክፍለ ጦር አንዲት ትንሽ ክፍል ተጠራች፤ የኬሚካል ጓድ። የአርሲን መድፍ ጥይትና ኢፕሪት ይዛ መጣች። አርሲን ሲሉ የአርሴኒክ ውሁድ ነው፤ ዐይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን እያቃጠለ ትንፋሽ ያሳጣል። ኢፕሪት የሰናፍጭ ጋዝ የምንለው ነው። ከአየር ይከብዳልና ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ለዋሻ የተፈጠረ ይመስል ከዋሻ አይወጣም። ወዲያው አይገድልም። ከሰዓታት በኋላ ቈዳን ያቈስላል፣ ዐይን ያጠፋል፣ ሳንባን ይበላል፤ ልብስና እህል ላይ ያረፈውም ቀን ካለፈ በኋላ የነካውን ያቃጥላል። ከገደሉ አናት በገመድ ወደ ዋሻው አፍ አወረዱት።

ቀኑ ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ዓ.ም. ነበር። ባሕረ ሐሳብን የሚያውቁ ካህናት በመካከላችሁ አሉና ሊያረጋግጡልኝ ይችላሉ፤ በዚያ ዓመት ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነው። የካቶሊካውያንም ፋሲካ በዚያው ዓመት በዚያው ቀን ዋለ። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሕዝብ በዋሻው ውስጥ፣ ፋሲካን የሚያውቅ ወታደር በገደሉ አናት ላይ። ይህን የምለው ለማስለቀስ አይደለም። የዘመቻው ሰነድ በምዕራባውያን ቀን ተጽፎ ስለሚነበብ «ኤፕሪል 9» የሚለው ለአንባቢው ተራ ቀን ይመስለዋል፤ ወደ እኛ አቈጣጠር ሲመለስ ግን ትንሣኤ ሆኖ ይገኛል።

ሌሊቱን ተሾመ ሸንቁጥ ዐሥራ አምስት ያህል ሰዎች ይዘው ከበባውን ሰብረው አመለጡ። ሚያዝያ 3 ቀን ጠዋት ከዋሻው የወጡት ተያዙ፤ ወደ 800 የሚደርሱ ወንዶች በገደሉ ጠርዝ በመትረየስ ተረሸኑ። በጋዝ የሞቱት በዋሻው ውስጥ ቀሩ። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ሁሉንም በአንድ ላይ ሲገምት የሟቾቹን ቁጥር ከ1,200 እስከ 1,500 ያደርሰዋል።

ይህን እንዴት አወቅን? በአካባቢው ያለው ሰው ለሰማንያ ዓመት ያህል ሲናገረው ኖሯል፤ የሰማ ግን ጥቂት ነበር። ዶሚኒዮኒ በሮም የጦር መዛግብት ውስጥ የዘመቻውን ወረቀቶች አገኘና በ1998 ዓ.ም. ገደማ ስፍራው ድረስ መጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህለና ስፔናዊው አልፍሬዶ ጎንሳሌዝ ሩይባል የተሳተፉበት የአርኪዮሎጂ ቡድን ዋሻውን አጠና። የተገኘው የሰው አጥንት፣ የጥይት ቀለህ፣ የሸክላ ስባሪና የእህል ማስቀመጫ ነው። የወታደር ሰፈር ሳይሆን የገበሬ ቤት ዕቃ ነበር፤ አንድ ሰው ጎጆውን ሲለቅ ይዞት የሚሄደው። ይህ ግኝት ከማንኛውም ሰነድ ይልቅ «የዐመፀኞች ምሽግ» የሚለውን የዘመቻ ሪፖርት ያፈርሳል። በመጨረሻም ከወዲያኛው ወገን ምስክር ተገኘ። የኬሚካል ጓዱ ባለ ማዕረግ የነበረው አሌሳንድሮ ቦአሊዮ የጻፈው ማስታወሻ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ በልጁና በዶሚኒዮኒ አማካይነት ታተመ። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የጣሊያን የመከላከያ ሚኒስትር ጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ በኢትዮጵያ ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመኑትም እ.ኤ.አ. በ1996 ብቻ ነው፤ በኢትዮጵያ ያገለገለው ስመ ጥር ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ለዐሥርተ ዓመታት ሲክደው ከኖረ በኋላ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የማይጥም ቢሆንም። በገደሉ ዙሪያ የቆመውና መትረየሱን የያዘው በአብዛኛው አፍሪካዊ ነበር። ጋዙ የግራናቲየሪ፣ ትእዛዙ የሎሬንዚኒ፣ ከበባው ግን በገዛ ወገናችን ጭምር የተጠናቀቀ ነው። ስለ ዘረት ስንናገር ይህን የምንዘለው ከሆነ፣ ግራናቲየሪው በራሱ ታሪክ ዘረትን ከሚዘልለው ምን ይለየናል?

ከዘረት በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። አበበ አረጋይ አልተያዙም። የሸዋው ገዥ ጄኔራል ናዚ በ1932 ዓ.ም. በሽምግልና ሊያስገባቸው ሞከረ፤ እርሳቸውም ንግግሩን እያስረዘሙ ጦራቸውን አሳረፉ፣ ጥይትና ስንቅ አጠናከሩ። ድርድሩ ፈረሰ። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የነበራት የአውሮፓውያን ወታደሮች ክፍለ ጦር ሁለት ብቻ ነበር፤ የሳቮያ ግራናቲየሪና «ካቻቶሪ ዳፍሪካ» የሚባለው 40ኛው። አንደኛው በሸዋ አርበኞች ተጠምዶ ነበር።

የክፍለ ጦሩ ዝና የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በጥር 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የህንድ ጦር ከሱዳን ገብቶ ወደ ከረን ሲገሠግሥ፣ 11ኛው ሬጅመንት በኮሎኔል ኮርሶ ኮርሲ መሪነት ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ተጭኖ ተላከ፤ እንግሊዞች የከረንን በር ሳይዙ ጥቂት ቀደም ብሎ ደረሰ። የወርቅ አምባው የአልፒኒ ሻለቃም እዚያው ተዋጋ። ከረን እስከ መጋቢት 18 ቀን ድረስ ለሰባት ሳምንታት ያህል ተቋቋመች። የእንግሊዝ ጸሓፊዎች ራሳቸው ጣሊያኖች በዚያ ጦርነት ውስጥ እንደዚያ በጽናት የተዋጉበት ቦታ ጥቂት መሆኑን ይመሰክራሉ፤ እኔም አልክድም። መጋቢት 8 ቀን በዚያ ጦርነት ከወደቁት አዛዦች አንዱ አሁን ጄኔራል የሆነው ኦርላንዶ ሎሬንዚኒ ነው። የዘረቱ ኮሎኔል።

ስለዚህ በጣሊያን በሚታተሙ የሬጅመንት ታሪኮች ውስጥ ስለ ሳቮያ ግራናቲየሪ የምታነቡት ከረንን ነው። ክፍለ ጦሩ ከጥቅምት 1929 እስከ ጥር 1933 ዓ.ም. ምን ይሠራ ነበር ብላችሁ ብትጠይቁ «የሰላም ማስከበርና የጥበቃ ተግባር» የመሰለ አንድ መሥመር ታገኙ ይሆናል። ከአራት ዓመት ከመንፈቅ ዕድሜው አራቱን ዓመት ያሳለፈው እዚህ በእኛ አገር ነው፤ ከረን የቆየው ሁለት ወር አይሞላም። በርካታ ተማሪዎቼ ይህን ክፍለ ጦር በሮም ከነበረው 21ኛው የሳርዴኛ ግራናቲየሪ ጋር ያምታቱታል፤ ያኛው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1943 ሮምን ከጀርመን ጦር ለመከላከል የተዋጋ ነው፣ በጣሊያን ዘንድም እስከ ዛሬ ይዘከራል። ስማቸውና ወጋቸው አንድ ነው፤ አንደኛው በሰራው ሌላው መወቀስም መመስገንም የለበትም።

አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ተለቀቀች። ሚያዝያ 27 ቀን ግርማዊነታቸው ሲገቡ አበበ አረጋይ ከሺዎች አርበኞቻቸው ጋር በእንጦጦ ተቀበሏቸው። የአኦስታው መስፍን ግንቦት 11 ቀን በአምባ አላጌ እጁን ሰጠ፤ የሳቮያ ግራናቲየሪ ክፍለ ጦርም በዚያው ዓመት ከጦር መዝገብ ተሰረዘ። በኢትዮጵያ ለተፈጸመ ወንጀል በፍርድ ቤት የቆመ የክፍለ ጦሩ መኮንን የለም። ግራዚያኒ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1950 የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ በሸዋ ስላደረገው አይደለም።

ለታሪክ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልተውላችሁ። ዋሻው ለምን «አመፀኛ» ተባለ? በዋሻው ውስጥ የሞቱትን ዐመፀኛ ያላቸው የሮም ቴሌግራም ነው። ቃሉ ከገዥው አፍ ወደ አገሬው የወረደ ነው ወይስ አገሬው ራሱ በኩራት የሰጠው? በመንዝና በሞረት እንዲሁም በዚህ በጅሩ ያሉ አረጋውያን ስሙን በምን ድምፅ እንደሚጠሩት፣ ከዘረት በፊት ዋሻው ሌላ ስም እንደ ነበረው ገና በወጉ ተጠይቀው አልተመዘገበም። ወላጆቻቸው ከጓዙ ጋር የሄዱ ሰዎች ዛሬም በዚህ አካባቢ አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ገፍቷል። መቅረጫ ይዛችሁ ሂዱ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።